«ሱን» ማለት መቼ ነው?

እንግሊዝኛ ከሚማሩት ወጣቶች ሦስቱን ጠርተን «ሱን የሚለውን ቃል ተርጕሙልን» ብንላቸው፥ አንደኛው «በቅርቡ» ይለናል፤ ሁለተኛው «ቶሎ» ይለናል፤ ሦስተኛውም «ወዲያው» ብሎ ይመልስልናል። ሦስቱም እንደ ተማሩት የመለሱ ናቸውና አንዱንም ልንነቅፈው አይገባም። ዳሩ ግን በ«ወዲያው» እና በ«በቅርቡ» መካከል ያለው ርቀት ትንሽ አይደለም። ወዲያው የተከፈለ ዕዳ ዕዳነቱ ቀርቷል፤ በቅርቡ ይከፈላል የተባለ ዕዳ ግን ገና ዕዳ ነው። ወዲያው የደረሰ ሐኪም በሽተኛውን በሕይወት ያገኘዋል፤ በቅርቡ ይደርሳል የተባለው ሐኪም ግን ምናልባት ለቅሶ ይደርሳል።

እንግዲህ ይህ አንድ ትንሽ ቃል እንዲህ የተራራቁ ሁለት ትርጕሞችን እንዴት ሊሸከም ቻለ? ይህን መርምረን፥ ሦስት ወገኖች ስለዚህ ነገር የሚሉትን ለመቃወም ተነሥተናል። የመጀመሪያዎቹ «የቃል እውነተኛ ትርጕም በሥሩ ያለው ነው፤ ሱን በጥንት ወዲያው ማለት ነበርና ዛሬም ወዲያው ተብሎ ይተርጐም» የሚሉ ናቸው። ሁለተኞቹ «ቃል እንደ ልብስ ነው፥ ያረጃል፥ ይለወጣል፤ በዚህ ማን ይጐዳል?» የሚሉ ናቸው። ሦስተኞቹም «ይህ የእንግሊዞች ጕዳይ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚሉ ናቸው። ለሦስቱም በየተራቸው መልስ እንሰጣለን፤ አስቀድሞ ግን የቃሉን ልደትና ዕድገት መናገር ይገባል። ዓመታቱን ሁሉ የምንጽፈው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ሱን በጥንቱ እንግሊዝኛ «ሶና» ይባል ነበር። ትርጕሙም «ወዲያው፥ በዚያው ሰዓት፥ ሳይዘገይ» ማለት ነው። ዘመዶቹም ከእንግሊዝኛ ጋር ከአንድ ግንድ በወጡት ቋንቋዎች ውስጥ ይገኛሉ። ኤጲስ ቆጶስ ውልፊላ በ4ኛው መቶ ዘመን ቅዱሳት መጻሕፍትን በተረጐመበት በጎቶች ቋንቋ «ሱንስ» የሚባል ቃል አለ፤ እርሱም እንደዚሁ «ወዲያው» ማለት ነው። በ10ኛው መቶ ዘመን ወንጌል ከላቲን ወደ እንግሊዝኛ ሲመለስ፥ ላቲኑ «ስታቲም» ባለበት ስፍራ ብዙ ጊዜ «ሶና» ተብሎ ተጻፈ። ስታቲም «መቆም» ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ ሰው ከቆመበት ሳይነቃነቅ፥ እግሩንም ሳያነሣ ነገሩ ተፈጸመ እንደ ማለት ነው። ሶና የተሸከመው ይህን የሚያህል ጥድፊያ ነበር።

ከ12ኛው እስከ 15ኛው መቶ ዘመን ባለው ጊዜ ግን ቃሉ እየላላ ሄደ። «ወዲያው» የነበረው «ጥቂት ቆይቶ» ሆነ፤ ጥቂቱም እያደር ረዘመ። ለዚህ ለውጥ ከንጉሥ የወጣ ዐዋጅ፥ ከሊቃውንትም የተሰጠ ፍርድ የለም። የለወጠው የሰው የዕለት ተዕለት ጠባይ ነው። ሎሌው ጌታው ሲጠራው «ወዲያው መጣሁ» ይላል፤ ነገር ግን የያዘውን ሳይጨርስ አይነሣም። ባለዕዳው «ወዲያው እከፍላለሁ» ይላል፤ ነገር ግን መከሩ እስኪገባ ያቆያል። ሰሚውም ሞኝ አይደለምና፥ ሁለት ሦስት ጊዜ ጠብቆ ካየ በኋላ ይህ ቃል ስንት ሰዓት፥ ስንት ቀን እንደሚፈጅ በልቡ መቍጠር ይጀምራል። በመጨረሻም የቃሉ ትርጕም ተናጋሪው ያለው ሳይሆን ሰሚው የሚጠብቀው ይሆናል።

ይህ በአንድ ቃል ላይ ብቻ የደረሰ ቢሆን ኖሮ እንደ አጋጣሚ በቈጠርነው ነበር። ነገር ግን የሱን ባልንጀሮች የሆኑትም ቃላት ተከታትለው በዚያው ጐዳና ሄደዋል። «አኖን» የሚባለው «በአንድ» ከሚል ሐረግ ተገኝቶ «በአንድ ቅጽበት» ማለት ነበር፤ እርሱም «ጥቂት ቆይቶ» ሆነ። «ባይ ኤንድ ባይ» በ16ኛው መቶ ዘመን «ወዲያው» ነበር፤ ዛሬ «እያደር፥ ውሎ አድሮ» ሆኗል። «ፕሬዘንትሊ» «ባለንበት ሰዓት» ከሚል ቃል ወጥቶ «አሁኑኑ» ማለት ነበር፤ እርሱም በእንግሊዞች አፍ ወደ «ቈይቶ» ዞረ፤ ይሁን እንጂ አሜሪካኖችና ስኮትላንዶች «አሁን» ለማለት እስከ ዛሬ ይናገሩበታል። በደቡብ አፍሪካ ደግሞ እንግሊዝኛ የሚናገር ሰው «ጀስት ናው» ቢል ቃል በቃሉ «ልክ አሁን» ማለት ሲሆን፥ ሰሚው የሚረዳው ግን «በኋላ፥ ሲመቸኝ» የሚለውን ነው። ነገሩ የእንግሊዞችም ብቻ አይደለም። ጀርመኖች «በቅርቡ» ለማለት የሚናገሩበት «ባልድ» የሚባለው ቃል በጥንት «ደፋር» ማለት ነበር። በአንድ ወቅት ደፍሮ የሚነሣውን ሰው የሚያሳይ ቃል ዛሬ ገና ያልተነሣውን ሰው ያሳያል።

ቃል ሲላላ ምን እንደሚመስል ለማየት የሚወድ ሰው፥ ሼክስፒር በ16ኛው መቶ ዘመን ፍጻሜ ስለ ንጉሥ ሄንሪ 4ኛ የደረሰውን ቴያትር የመጀመሪያ ክፍል ይመልከት። በዚያ ፍራንሲስ የሚባል የመጠጥ ቤት አሳላፊ አለ። አልጋ ወራሹ ሊሣለቅበት ፈልጎ በአንድ ክፍል አቁሞ በነገር ይይዘዋል፤ የአልጋ ወራሹም ጓደኛ ከሌላ ክፍል ሆኖ ደጋግሞ ይጠራዋል። ልጁ በተጠራ ቍጥር «አኖን» እያለ ይመልሳል፥ ነገር ግን ከቆመበት አይነቃነቅም። ተመልካቹ የሚሥቀው አፉ «ወዲያው» ሲል እግሩ «ቆይ» ስለሚል ነው። እኛ ግን የምንለው ይህ ነው፤ በቴያትር ቤት የሚያሥቀው ነገር በኑሮ ላይ ሲደርስ አያሥቅም።

አሁን ወደ መጀመሪያዎቹ ተቃዋሚዎቻችን እንመለስ። የቃልን ሥር መመርመር መልካም ነው፤ እኛም ይህንኑ ስናደርግ ቆይተናል። ዳሩ ግን ሥር ታሪክ ነው እንጂ ሕግ አይደለም። እንግሊዞች ዛሬ ሞኝና ቀላል የሆነውን ሰው «ሲሊ» ይሉታል፤ የዚህ ቃል ሥር ግን በጥንቱ ቋንቋቸው «ብፁዕ» ማለት ነበር። እንግዲህ አንድ ሰው አንድን የተከበረ አባት በአደባባይ «ሲሊ» ብሎ ከጠራ በኋላ «ሥሩን መርምሩልኝ፥ ብፁዕ ማለቴ ነው» ቢል፥ ማን ይቀበለዋል? እንደዚሁም ዛሬ አንድ እንግሊዛዊ በደብዳቤው «ሱን እጽፍልሃለሁ» ቢል፥ ብዕሩን ሳያስቀምጥ ይጽፍልኛል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ራሱን ያታልላል እንጂ እንግሊዛዊው አላታለለውም። ስለዚህ ሱን ብቻውን ቆሞ ወደፊት ስለሚሆን ነገር ሲናገር «በቅርቡ» ወይም «ብዙ ሳይቆይ» ተብሎ ሊተረጐም ይገባል።

ይሁን እንጂ ጥንታዊው ትርጕም ፈጽሞ አልሞተም፤ በአንዳንድ ሐረግ ውስጥ ተሸሽጎ ይኖራል። ተርጓሚዎቻችንም የሚሰናከሉት በዚህ ስለ ሆነ ጥቂት ልንዘገይበት ይገባል። «አዝ ሱን አዝ» የሚለው ሐረግ «ሶና ስዋ» ከሚለው ከጥንቱ አነጋገር የወረደ ነው፤ በእርሱም ውስጥ ሱን እስከ ዛሬ «ወዲያው» ነው። ስለዚህ «አዝ ሱን አዝ መጣ» የሚለውን «እንደ መጣ ወዲያው» እንላለን፤ «በቅርቡ እንደ መጣ» የሚል ተርጓሚ ግን ነገሩን ያበላሻል። «ኖ ሱነር» ተብሎ የሚጀመረውን «ገና ተናግሮ ሳይጨርስ፥ ገና እግሩ ሳይወጣ» በሚለው አነጋገራችን መመለስ ይገባል። «ቱ ሱን» ሲባል «በጣም ቶሎ» ማለት ብቻ አይደለም፤ በወጣትነቱ ስለ ተቀጨ ሰው ሲነገር «ያለ ጊዜው» ማለት ነው። «ሱነር ኦር ሌይተር» የሚለውንም ቃል በቃል «ቶሎ ወይም ዘግይቶ» ከማለት ይልቅ «ይዋል ይደር እንጂ አይቀርም» ብንል አማርኛችን ከእንግሊዝኛው የሚበልጥ ኀይል አለው። ከሁሉም የሚደንቀው «ዉድ ሱነር» የሚለው ነው። እርሱ ጊዜን ትቶ ምርጫን ያሳያል፤ ለምሳሌ «ከምሰርቅ ይልቅ መራብን እመርጣለሁ» እንደ ማለት ነው። ሰው አስቀድሞ የሚያደርገው የወደደውን ነውና፥ ቀድሞ መሥራትና መምረጥ በአንድ ቃል ተገናኙ። ይህም ብዙ ያስተምራል፤ ዛሬ ነገ የምንለው ሥራ ብዙ ጊዜ ያልመረጥነው ሥራ ነው።

ሁለተኞቹ «በቃል መለወጥ ማን ይጐዳል?» ብለዋል። ለእነዚህ አስቀድመን ከመጽሐፍ፥ ቀጥለንም ከባሕር ምስክር እንጠራላቸዋለን።

በ1611 በንጉሥ ጄምስ ዘመን የታተመው የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ ዛሬም በብዙ እጅ ይገኛል፤ ከአገራችንም ሰዎች እንግሊዝኛን ለማሠልጠን ሲሉ የሚያነቡት አሉ። በዚህ መጽሐፍ በማርቆስ ወንጌል 6፥25 የሄሮድያዳ ልጅ የመጥምቁን ራስ ስትለምን «ባይ ኤንድ ባይ» እንዲሰጣት ትጠይቃለች። የዛሬ አንባቢ በዛሬው ትርጕም ቢያነበው ልጅቱ «ውሎ አድሮ፥ ሲመችህ ስጠኝ» ያለች ይመስለዋል። ግሪኩ ግን «አሁኑኑ» ይላል። ቦታውም ራሱ ይመሰክራል፤ ልጅቱ ፈጥና ወደ ንጉሡ መግባቷ፥ ንጉሡም ወዲያው ወታደር መላኩ በዚያው ተጽፏል። እናቲቱ ንጉሡ እንዳይጸጸት፥ ወይኑም ከራሱ ሳይወርድ ነገሩ እንዲያልቅ ፈልጋለች። «አሁኑኑ» የሚለው ከጠፋ የወንጀሉ ጥድፊያ ጠፋ፤ ጥድፊያው ከጠፋም የሴቲቱ ተንኰል ግማሹ ተሰወረ።

ከዚህም የሚብስ አለ። በሉቃስ ወንጌል 21፥9 ጌታ ጦርነትንና ሁከትን በሰማችሁ ጊዜ አትደንግጡ፥ ፍጻሜው ወዲያው አይደለምና ብሎ ያስተምራል። የ1611 ትርጕም ይህን «ወዲያው» የጻፈው «ባይ ኤንድ ባይ» ብሎ ነው። የዛሬውን ትርጕም ብቻ የሚያውቅ ሰው ሲያነበው ምን ይረዳል? «ፍጻሜው ውሎ አድሮም አይመጣም» የሚል ይመስለዋል። እነሆ፥ አንድ የላላ ሐረግ ትምህርቱን ገለበጠው፤ ይቈያል የተባለው ፍጻሜ ከነጭራሹ የለም ወደ ማለት ተመለሰ። እንደዚሁም በማቴዎስ ወንጌል 26፥53 አብ ከ12 ሌጌዎን የሚበልጡ መላእክትን «ፕሬዘንትሊ» እንደሚሰድ ተጽፏል፤ ይህም «አሁኑኑ» ማለት ነው። በዛሬው የእንግሊዞች አነጋገር ብናነበው ግን መላእክቱ ጥቂት ቆይተው የሚመጡ ረዳቶች ይሆናሉ፤ ጌታ በፈቃዱ የተወው ረዳትነት በእጁ ያለ መሆኑ ቀርቶ በሩቅ ያለ ይመስላል። ስለዚህ በ1881 የአዲስ ኪዳንን እንግሊዝኛ ያረሙት ሊቃውንት «ባይ ኤንድ ባይ» የተባለውን ከእነዚህ ስፍራዎች አውጥተው «ወዲያው» የሚሉ ሌሎች ቃላት አገቡ። «ማን ይጐዳል?» ለሚለው ይህ አንዱ መልስ ነው።

ሁለተኛውን ምስክር ከባሕር እናምጣ። በ1859 በጥቅምት ወር መጨረሻ ሮያል ቻርተር የተባለች መርከብ በአውስትራልያ ካለችው ከሜልበርን ተነሥታ ወደ ሊቨርፑል ስትመለስ፥ በዌልስ ጠረፍ በአንግልሲ ደሴት አጠገብ በዐውሎ ነፋስ ተሰበረች። በላይዋ ከነበሩት መካከል ወርቅ ቈፍረው ያገኙትን ይዘው ወደ አገራቸው የሚመለሱ ብዙ ነበሩ፤ ወደ 450 የሚጠጋ ሰው ሞተ። በዚያን ጊዜ የእንግሊዝን የአየር ጠባይ ምርመራ ክፍል የሚመራው ሮበርት ፊትዝሮይ፥ ቀድሞ ዳርዊንን በቢግል መርከብ ይዞ የዞረው አለቃ፥ ከዚህ ጥፋት በኋላ ማዕበል ሊመጣ ሲል በቴሌግራፍ ወደ ወደቦች ማስጠንቀቂያ የሚሰድድ አገልግሎት አቋቋመ፤ ይህም በ1861 ሥራ ጀመረ።

አገልግሎቱ አድጎ ዛሬ የብሪታንያ የአየር ጠባይ መሥሪያ ቤት ለመርከበኞች የዐውሎ ነፋስ ማስጠንቀቂያ ሲያወጣ ሱን የሚለውን ቃል ይጽፋል። ነገር ግን እንደኛ አይጽፈውም። ነፋሱ ከ6 ሰዓት በፊት የሚደርስ ሲሆን «ኢሚነንት» ይላል። ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ የሚደርስ ሲሆን «ሱን» ይላል። ከ12 ሰዓት በኋላ የሚደርስ ሲሆን «ሌይተር» ይላል። ሰዓቱም የሚቈጠረው ማስጠንቀቂያው ከወጣበት ጊዜ ጀምሮ ነው። እነሆ፥ በየደብዳቤው ስንዝሩ የማይታወቀው ሱን በባሕር ላይ ዳርቻና ወሰን አገኘ! ዓሣ አጥማጁ ቃሉን ሲሰማ መረቡን ሰብስቦ ወደ ወደብ ለመግባት ጊዜ ይበቃው ወይም አይበቃው እንደ ሆነ ያውቃል። «በቃል መላላት ማን ይጐዳል?» የሚሉ ወዳጆቻችን ይህን ጥያቄ ለዚያ ዓሣ አጥማጅ ያቅርቡለት።

ከዚህ ነገር አንድ ትልቅ ትምህርት እናገኛለን። ነፋስን ሰው አያዝዘውም፤ የሚደርስበትንም ደቂቃ ቈርጦ መናገር አይቻልም። ነገር ግን ደቂቃውን መናገር አይቻልም ተብሎ ወሰኑን መናገር አልቀረም። በገዛ እጁ ያለውን ሥራ «በቅርቡ» ብሎ የሚያሳድር ሰው ከዚህ በኋላ ምን ምክንያት ይሰጣል? የማይታዘዘው ነፋስ ወሰን ከተሰጠው የሚታዘዘው ብዕር ወሰን ሊሰጠው እንዴት ያቅታል?

የተቈረጠ ሰዓት ሌላም ጥቅም አለው፤ እውነተኛውን ከአታላዩ ይለያል። በአሜሪካ በኦክላሆማ፥ ቀድሞ የክሪክና የሴሚኖል ነገዶች የነበረው ምድር ለሰፋሪዎች በተከፈተ ጊዜ፥ በሚያዝያ 22 ቀን 1889 ልክ በእኩለ ቀን ምልክት ሲሰጥ ሁሉም ሮጦ እንዲገባ ተወሰነ። አንዳንዶች ግን ከሰዓቱ በፊት ሾልከው ገብተው መልካሙን መሬት ያዙ። እነዚህን ሰዎች «ሱነርስ» አሏቸው፤ ከጊዜው የቀደሙ ማለት ነው፤ ስሙም በመጀመሪያ የስድብ ሲሆን እያደር የአገሩ ሰዎች መጠሪያ ሆነ። እኛ ከዚህ የምንወስደው አንድ ነገር ብቻ ነው። እኩለ ቀን የሚባል ሰዓት ስለ ነበረ ማን እንዳታለለ ታወቀ። «መሬቱ በቅርቡ ይከፈታል» ብቻ ተብሎ ቢሆን ኖሮ፥ ቀድሞ የገባውን አታላይ፥ ዘግይቶ የገባውንም ተበዳይ ብሎ ሊጠራ የሚችል ዳኛ ባልተገኘም ነበር። ወሰን የሌለው ቃል የሚወደደው ስለዚሁ ነው፤ በእርሱ የተናገረ ሰው ከቶ አይያዝም።

ሦስተኞቹ «እኛን ምን አገባን?» ይላሉ። እኛ ግን እንጠይቃቸዋለን፤ በአማርኛ «መጣሁ» የሚል ሰው መቼ ይመጣል? ቃሉ ያለቀ ነገር ያወራል፤ ተናጋሪው ግን ወደ ደጅ እየወጣ፥ ጀርባውን ሰጥቶን እየሄደ «መጣሁ» ይለናል፤ እኛም «እሺ» ብለን እንጠብቃለን። እንግሊዛዊው ወደፊት የሚሆነውን ቢያሳንሰው እንኳ ወደፊት እንደሚሆን አልካደም፤ እኛ ግን ያልሆነውን ሆኗል እንላለን። ደግሞ «አሁን» የሚለውን ቃል ተመልከቱ። ከእርሱ የሚቀርብ ጊዜ በዓለም ላይ የለም። ይሁን እንጂ «አሁን እሠራዋለሁ» የሚለውን ሰምተን ስላላመንን ቃሉን አጠንክረን «አሁኑኑ» ማለት አስፈለገን። «ወዲያው» ስላልበቃንም «ወዲያውኑ» እንላለን። በታመነ ቃል ላይ ማጠንከሪያ አይጨመርም፤ ግድግዳ ሲያዘነብል ነው ድጋፍ የሚቆምለት። እንግዲህ ሶናን ያላላው በሽታ በእኛም ቤት አለ፤ የእንግሊዞቹን ታሪክ ማንበባችንም የጎረቤትን ገመና ለማየት ሳይሆን የራሳችንን ለመመርመር ነው።

በዚህ ላይ ሱን የሚለው ቃል በትርጕም በኩል ወደ ጽሕፈት ቤቶቻችን ገብቷል። በእንግሊዝኛ የተጻፈውን ማስታወቂያና ደብዳቤ ወደ አማርኛ ስንመልስ «በቅርቡ ይገለጻል»፥ «በቅርቡ ይታያል»፥ «በቅርብ ቀን ይጀመራል» የሚሉት አነጋገሮች ተለምደዋል። የከተማ ሰው ይህን ሲያነብ ትከሻውን ነቅንቆ ያልፋል፤ ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቃልና። ከገጠር ለአቤቱታ የመጣው ሰው ግን ቃሉን እንደ ቃሉ ይቀበላል። «በቅርቡ» የተባለው ነገ ወይም ከነገ ወዲያ መስሎት ከዘመዱ ቤት ይቈያል፤ ስንቁ ያልቃል፤ የእርሻው ወራት ያልፋል፤ ዘመዱም ፊቱን ያጠቍርበታል። በቀኑ «ከ3 ወር በፊት አትምጣ» ተብሎ ቢሆን ኖሮ ያዝን ነበር፥ ነገር ግን ወደ እርሻው ተመልሶ በሬውን ይጠምድ ነበር። ደግ የሚመስለው ቃል በደለው፤ ጨካኝ የሚመስለው ቃል በረዳው ነበር። ላም አለኝ በሰማይ፥ ወተቷንም አላይ የሚለው ተረት የተተረተው ለእንዲህ ያለው ሰው ነው።

ምናልባት አንድ አዋቂ ተነሥቶ «ቀኑን ቈርጬ ጽፌ ባይሆንልኝ ሐሰተኛ እባላለሁ፤ በቅርቡ ብል ግን ማንም ሐሰተኛ አይለኝም» ይል ይሆናል። እውነት ተናግሯል፤ ክፉውም ነገር ይኸው ነው። ቀኑን ጽፎ ያልሆነለት ሰው ምክንያቱን አስረድቶ ሌላ ቀን ሊሰጥ ይገደዳል፤ ስለዚህም በሰውና በሕሊናው ፊት ተጠያቂ ነው። «በቅርቡ» ያለው ግን ከወር በኋላም፥ ከዓመት በኋላም ቃሉን አላጠፈም፤ ሊያጥፈው የሚችል ቃል አልሰጠምና። ሐሰተኛ ላለመባል ብሎ እውነት ሳይናገር የቀረ ሰው ከሐሰተኛው በምን ይሻላል?

ይህን ስንል ቃሉ ፈጽሞ ይጥፋ ማለታችን አይደለም። በእውነት ጊዜው የማይታወቅ ነገር አለ። ሐኪም ለበሽተኛው «በቅርቡ ትድናለህ» ቢለው፥ ገበሬም ሰማዩን አይቶ «ዝናቡ በቅርቡ ይጥላል» ቢል፥ ሁለቱም ከሚያውቁት በላይ አልተናገሩምና ነቀፋ የለባቸውም። እናትም ለሚያለቅሰው ልጇ «አባትህ በቅርቡ ይመጣል» ብትለው የፍቅር ቃል ነው። ዕውቀት ባለቀበት ስፍራ ሱን የታመነ ቃል ነው፤ ፈቃድ በጐደለበት ስፍራ ግን መጋረጃ ነው። የምንቃወመው መጋረጃውን ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን። መምህራን ሱን የሚለውን ሲያስተምሩ አንድ የአማርኛ ቃል ሰጥተው አይለፉ፤ ብቻውን ሲቆም ምን እንደ ሆነ፥ በሐረግ ውስጥ ሲገባም ምን እንደሚሆን ለይተው ያሳዩ። የቈየውን እንግሊዝኛ የሚያነቡና የሚተረጕሙ ሰዎች «አኖን»፥ «ባይ ኤንድ ባይ»፥ «ፕሬዘንትሊ» የሚሉትን ባገኙ ጊዜ መጽሐፉ የታተመበትን ዘመን አስቀድመው ይመልከቱ፤ የዛሬውን ትርጕም ለትናንት ሰው አፍ አይስጡት። የሌላው ሰው እንጀራ በእጃቸው ያለ ሰዎች ደግሞ፥ ጸሐፊም ሆነ ነጋዴ፥ የደብር አለቃም ሆነ የመሥሪያ ቤት ሹም፥ «በቅርቡ» ብለው ሊጽፉ ብዕራቸውን ባነሡ ጊዜ ቀኑን ይጻፉ፤ ቀኑን ባያውቁ ከዚህ ቀን አያልፍም ብለው ወሰኑን ይጻፉ፤ ወሰኑንም ባያውቁ «አላውቅም» ብለው ይጻፉ። «አላውቅም» የተባለ ሰው ሌላ በር ሄዶ ያንኳኳል፤ «በቅርቡ» የተባለው ግን በዚያው በር ላይ ተቀምጦ ይቀራል።

ሶና የሚለው ቃል ከዛሬ አንድ ሺህ ዓመት በፊት ምን ያህል ክብር እንደ ነበረው አይተናል። ያን ክብር መዝገበ ቃላት ሊመልስለት አይችልም፤ መዝገበ ቃላት ሰው የሠራውን ይጽፋል እንጂ ሰውን አያሠራም። የላላውን ቃል የሚያጠብቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም በተባለው ቀን መገኘት ነው።